ሦስቷ ሚሊ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም? የክላድ ላሜራ አቅም እንዴት ይሰላል

ልጁ ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ድረስ በአውቶቡስ ይዞት መጣ። የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ለልምምድ አንድ ፋብሪካ ተመድቧል። ጠረጴዛዬ ላይ ሲፈታው ትንሽ ሳህን የምታህል ክብ ቁራጭ ናት። ክብደቷ ግን ሁለት ኪሎ ይሆናል። ጠርዟን በግራይንደር አለስልሷታል። ስለዚህ ሁለቱ ቀለሞች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። 12 ሚሊው ጠቆር ያለ ተራ ብረት ነው። 3 ሚሊው የሚያበራ ስቴንለስ። በመሀላቸው ጥፍር የምታስገባ ክፍተት እንኳ የለም።

«ጋሼ፣ የዚህ ላሜራ የሚፈቀድ ውጥረት ስንት ነው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ሌላ ቦታ ያገለገለ የግፊት ታንክ ገዝቷል። በርሜል ቅርጽ ያለው፣ የውስጥ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ። ለአዲስ ቧንቧ ቀዳዳ ሲከፍቱለት ይህች ቁራጭ ወጣች። (ቀዳዳው ራሱ ዙሪያውን ማጠናከሪያ ይፈልጋል፤ እሱን ለሌላ ቀን ልተወው።) አሁን ታንኩን በ20 ባር ሊያሠሩት አስበዋል። ይችላል ወይ የሚለውን አስልተህ አምጣ ተብሎ ልጁ ታዟል። እሱም ሦስት መልስ ይዞ መጣ። 138፣ 115፣ እና የሁለቱ እኩሌታ 126.5 ሜጋፓስካል። የቱ ልክ እንደሆነ አላወቀም።

ጥያቄውን ወደድኩት። ብዙ ሰው ከሦስቱ አንዱን ይመርጥና ያልፋል። እሱ ግን ሌሊቱን ሲያሰላስልበት አድሯል። ስለዚህ ለእሱ ያስረዳሁትን እዚህም ልጻፈው።

መጀመሪያ ውጥረት ምን እንደሆነ እንስማማ። ሸክሙን ተሸካሚው ላለው ስፋት ስታካፍሉት ውጥረት ይባላል። ሜጋፓስካል የሚለው ቃል ለጆሮ ባዶ ነው። እኔ በኩንታል ነው የማስበው። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ብረት፣ ማለትም አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ውሰዱ። አንድ ኩንታል ጤፍ አንጠልጥሉበት። ውጥረቱ ወደ 10 ሜጋፓስካል ይሆናል።

ለግፊት ታንክ በብዛት ከሚሠራባቸው ተራ ብረቶች አንዱ ኤስኤ-516 ግሬድ 70 ይባላል። የልጁ ታንክም ከእሱ ነው የተሠራው። ይህ ብረት ቢያንስ እስከ 485 ሜጋፓስካል ሳይበጠስ መድረስ አለበት። በእኛ ልኬት ጥፍር በምታህል ብረት ላይ 49 ኩንታል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን 260 ላይ፣ 26 ኩንታል ተኩል ገደማ ሲደርስ፣ መለጠጥ ይጀምራል። ከተለጠጠ በኋላ ሸክሙን ብታወርዱለትም ወደ ቀድሞ ቁመቱ አይመለስም። ስቴንለሱ ደግሞ 304ኤል ነው። የሚበጠሰው እሱም 485 ላይ ነው። የሚለጠጠው ግን ገና 170 ላይ፣ 17 ኩንታል ገደማ ሲሸከም ነው። ሁለቱ ብረቶች እኩል ይበጠሳሉ፤ ስቴንለሱ ግን ቀድሞ ይላላል። የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመጣል።

የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤኤስኤምኢ፣ ያወጣው ደንብ ሁለት ስሌት ያሠራል። በመጀመሪያ መበጠሻውን ለ3.5 ያካፍላል። ቀጥሎ የመለጠጫውን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል። ከሁለቱ ያነሰው የሚፈቀደው ውጥረት ይሆናል። ለተራው ብረት በመበጠሻው በኩል 138፣ በመለጠጫው በኩል 173 ይመጣል። ያነሰው 138 ነው። ለ304ኤል ሁለተኛው ስሌት ያንሳል፤ በሠንጠረዡ 115 ተብሎ ሰፍሯል። ወደ ኩንታል ስንመልሰው ለተራው 14፣ ለስቴንለሱ ከ12 ጥቂት ያነሰ ማለት ነው።

ይህ 3.5 በዘፈቀደ የተወረወረ ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 በማሳቹሴትስ ብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰው ሞተ። ያንን ከመሰለ አደጋ በኋላ ነው የመጀመሪያው የቦይለር ደንብ እ.ኤ.አ. በ1915 ለኅትመት የበቃው። ያኔ ማካፈያው 5 ነበር። ብረት አሠራሩ፣ ብየዳውና ፍተሻው ሲሻሻል ወደ 4 ወረደ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ 3.5 ሆነ። ከቁጥሩ ጀርባ የሰው ነፍስ ስላለ ነው እንዲህ የምጠነቀቅለት። ተማሪዎቼ ሲያቀልሉት ያናድደኛል።

እንግዲህ ወደ ድርቡ ላሜራ እንምጣ። ሰው ለምን ሁለት ብረት ይደርባል? ታንኩ ውስጥ ያለው ነገር አሲድ ወይም ጨው ከሆነ ተራውን ብረት ይበላዋል። ታንኩን በሙሉ ከስቴንለስ ብትሠሩት ዋጋው አይቀመስም፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው። ስለዚህ ሸክሙን ርካሹ ብረት ይሸከም፣ አሲዱን ውዱ ብረት ይቋቋም ይባላል። እንዲህ የተደረበ ላሜራ ክላድ ላሜራ ይባላል፤ የተደረበው ስቴንለስ ራሱ ደግሞ ክላዱ ነው።

አደራረቡ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ እንደ ኮት ገበር ነው። ቀጭን ስቴንለስ በታንኩ ውስጥ ይነጠፍና እዚህም እዚያም በብየዳ ይያዛል። ከጀርባው ያለው ብረት ጋር ሙሉ በሙሉ አልተዋሐደም። ሁለተኛው በትኩሱ ተደርቦ በከባድ ሮለር መሀል የሚያልፍ ነው፤ ሁለቱ እንደ አንድ ላሜራ ሆነው ይወጣሉ። ሦስተኛው በፈንጂ ነው። ሁለቱ ላሜራዎች ትንሽ ክፍተት ተትቶላቸው ይነባበራሉ። ከላይ ፈንጂ ይነጠፍና ይለኮሳል። የላይኛው ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየተወረወረ ይጋጫል። መጋጠሚያውን ቆርጣችሁ በማጉያ ብታዩት እንደ ታረሰ ማሳ ፈር በፈር ሆኖ ይታያል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለረጅም ጊዜ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። አራተኛው ስቴንለሱን በብየዳ ንብርብር እያደረጉ ማልበስ ነው።

ለልጁ በቁጥር ፈንታ ስለ ቤት ነገርኩት። ቢቸና አካባቢ ያደግሁበት ቤት ግድግዳው ቋሚና ማገር ነው፤ ላዩ በጭቃ ተመርጓል። ጣሪያውን የሚሸከመው ማነው? ቋሚው። ምርጊቱ ነፋሱንና ዝናቡን ይከላከላል። ምርጊቱ ጣት ያህል ወፍራም ስለሆነ ቋሚውን ላቅጥነው የሚል አናጢ አላየሁም። ምርጊት ይረግፋል። በየዓመቱም ይታደሳል። ሊረግፍ የሚችልን ነገር ተሸካሚ አድርጎ መቁጠር አይቻልም።

የደንቡ መነሻም ይኸው ነው። ገበር ሆኖ የተነጠፈ ስቴንለስ ውፍረቱ ጭራሽ አይቆጠርም። የሚፈቀደው ውጥረት የተራው ብረት ነው፤ ውፍረቱም የተራው ብረት ብቻ። ለተዋሐደው ክላድም ቢሆን የተለመደው መንገድ ተመሳሳይ ነው። ከጠቅላላው ውፍረት የክላዱ ይቀነሳል፤ በቀረው ላይ 138 ይሠራል። 3 ሚሊዋ ለአሲዱ ናት፤ በቃ።

ይህን መንገድ እኔ እወደዋለሁ። ስቴንለሱ ቢሳሳ፣ ቢነቀል፣ ቢሰነጠቅ ታንኩ አይፈነዳም። ተራው ብረት ለብቻው ይችለዋል።

ግን ሌላም በር አለ። ክላዱ በእውነት አንድ አካል ሆኖ ከተዋሐደ፣ ሲወጠር አብሮ ይወጠራል። ታዲያ አብሮ የሚጎትትን በሬ ለምን አልጎተተም እንላለን? ደንቡ ይህንንም ያያል። ክላዱን በየድርሻው ቁጠሩት ይላል። ድርሻው የሁለቱ የሚፈቀድ ውጥረት ንጽጽር ነው። 115ን ለ138 ስናካፍል 0.83 ገደማ ነው። ስለዚህ 3 ሚሊ ስቴንለስ እንደ 2.5 ሚሊ ተራ ብረት ይቆጠራል። ልጁ በያዘው ላሜራ 12 ሲደመር 2.5፣ በድምሩ 14.5 ሚሊ ይሆናል። በዚህ ላይ የተራው ብረት 138 ይሠራል።

በቻይናው የግፊት ታንክ ደንብ፣ ጂቢ 150 በሚባለው፣ አጻጻፉ ይለያል። የክላዱ ውሕደት የሚፈለገውን ደረጃ ካሟላ ለድርቡ ላሜራ አንድ የራሱ ቁጥር ይወጣለታል። እያንዳንዱ ብረት የሚፈቀድለት ውጥረት በውፍረቱ ይባዛል፤ ተደምሮ ለጠቅላላው ውፍረት ይካፈላል። ለልጁ ላሜራ 138 በ12፣ ሲደመር 115 በ3፣ ሲካፈል ለ15። መልሱ 133.4 ነው። 15 ሚሊ በ133.4 እና 14.5 ሚሊ በ138 የሚሸከሙት ሸክም አንድ ነው። ሁለት መንገድ፣ አንድ ሸክም። ከቻይና የመጣ ታንክ ሰነድ ላይ እንግዳ ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ። ከየት እንደመጣ አሁን ታውቃላችሁ።

የልጁ 126.5 የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ቁጥር ደምሮ ለሁለት አካፈለ። ይህ ትክክል የሚሆነው ሁለቱ እኩል ውፍረት ቢኖራቸው ነበር። 12 እና 3 እኩል አይደሉም። 115ም ስህተት ነው። ክላዱ የሚቆጠር ከሆነ አደገኛ አይደለም፤ አባካኝ ነው፤ ጠንካራውን ብረት በደካማው ይለካዋል። የሚያስፈራው 138ን በሙሉ 15 ሚሊ ላይ መሥራት ነው። ያ ሰው ስቴንለሱ የሌለውን ጉልበት ሰጠው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክላዱ ከተራው ብረት የበለጠ ጠንካራ ቢሆንስ? እንደ ኢንኮኔል 625 ያለ የኒኬል ውሕድ በጣም ጠንካራ ነው። በኤኤስኤምኢ ስሌት ድርሻው ከ1 አያልፍም። 3 ሚሊ ቢበዛ 3 ሚሊ ነው። ምክንያቱን ጥማድ አስቡ። አንዱ በሬ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ቀንበሩ አንድ ነው። ሁለቱ ብረቶች ተጣብቀው እኩል ነው የሚሳቡት። ብርቱው ሙሉ ጉልበቱን እስኪያወጣ ድረስ ደካማው ከልኩ አልፎ ይለጠጣል።

አሁን በሩ የሚከፈትበትን ሁኔታ እንይ። ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

በፋብሪካ የተደረበ ላሜራ ከሆነ ለክላድ ላሜራ ከወጡት መለኪያዎች አንዱን ማሟላት አለበት። ለክሮም ስቴንለስ ኤስኤ-263፣ ለክሮምና ኒኬል ስቴንለስ ኤስኤ-264፣ ለኒኬል ውሕዶች ኤስኤ-265። 304ኤል ኤስኤ-264 ውስጥ ነው የሚገባው። ውሕደቱ ደግሞ በፈተና መረጋገጥ አለበት። ከላሜራው ናሙና ይቆረጥና ክላዱ ከተራው ብረት ላይ ተገፍቶ እንዲላጥ ይደረጋል። ቢያንስ 140 ሜጋፓስካል መቋቋም አለበት። ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ከ14 ኩንታል በላይ ግፊት ማለት ነው። በዓይን አይቶ፣ በመዶሻ መትቶ፣ «ኧረ ይኸ የት ይሄዳል» ማለት ፈተና አይደለም።

የብየዳው መጋጠሚያም ላይ ክላዱ መመለስ አለበት። ይህን በራሴ ዓይን አይቼዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ክላድ ታንክ ተቀዶ ተጠገነ። በያጁ ጎበዝ ነበር፤ ስፌቱ እንደ ጥልፍ ያምራል። ነገር ግን ከውስጥ በኩል ስቴንለሱን በስቴንለስ ኤሌክትሮድ አላለበሰውም። በተራ ኤሌክትሮድ ዘጋው። ወራት ሳይቆይ በስፌቱ መስመር ላይ ብቻ ዝገት ፈሰሰ። ሌላው የታንኩ ውስጥ እንደ መስታወት ያበራል። ያች አንዲት ክር ግን እየተበላች ነበር።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጋጠሚያው አጠገብ ክላዱ ይላጣል። ተራው ብረት በተራ ኤሌክትሮድ ይበየዳል፤ ስቴንለሱን ሳይነካ። ተራ ኤሌክትሮድ ከስቴንለስ ጋር ከተቀላቀለ ደረቅና ተሰባሪ ብረት ይሠራል። ከዚያ በ309ኤል ኤሌክትሮድ አንድ ንብርብር ይደረጋል፤ ይህ አሸጋጋሪው ነው። በመጨረሻ ለ304ኤል የሚስማማው 308ኤል ከላይ ይለብሳል። ሥራው ጊዜ ይፈጃል። ግን ያለዚህ 3 ሚሊዋን መቁጠር አይፈቀድም፤ በስፌቱ ላይ የለችማ።

ሙቀትም አለ። ክላዱ ካልተቆጠረ የታንኩ የሙቀት ጣሪያ የተራው ብረት ጣሪያ ነው። ከተቆጠረ ግን ከሁለቱ ዝቅተኛው ይወሰዳል። ከጉልበቱ ከተጠቀምንበት ድክመቱንም መቀበል አለብን። የሚፈቀደው ውጥረትም ታንኩ በሚሠራበት ሙቀት ያለው እንጂ በክፍል ሙቀት ያለው አይደለም። ኤስኤ-516 እስከ 260 ዲግሪ አካባቢ 138ን ይዞ ይቆያል። 304ኤል ከዚያ በፊት መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ 0.83 ያልነው ድርሻ ታንኩ ሲግል ያንሳል።

ልጁ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። «ሁለቱ ሲሞቁ እኩል ያድጋሉ?»

አያድጉም። አንድ ሜትር ተራ ብረት በ200 ዲግሪ ብታሞቁት ወደ 2.4 ሚሊ ይረዝማል። 304ኤል ወደ 3.4 ሚሊ። ተጣብቀዋልና ስቴንለሱ የፈለገውን ያህል መርዘም አይችልም። ወፍራሙ ተራ ብረት ይይዘዋል። ያች አንድ ሚሊ ልዩነት ስቴንለሱ ውስጥ ወደ 195 ሜጋፓስካል ጭምቀት ትፈጥራለች። የመለጠጫው ወሰን 170 እንደነበር አስታውሱ። ስለዚህ ስቴንለሱ ከወሰኑ አልፏል፤ ያውም ግፊቱ ሳይጨመር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስሌት እንዴት ይቆማል? ሁለት ዓይነት ሸክም ስላለ ነው። የውስጥ ግፊት አይለቅም። ብረቱ ቢለጠጥም ግፊቱ እዚያው አለ፤ እስኪቀደድ ይከተለዋል። የሙቀቱ ሽኩቻ ግን እንደዚያ አይደለም። ስቴንለሱ ጥቂት ከላላ ጭምቀቱ ይረግባል፤ አንድ ሚሊዋ ቦታዋን አግኝታለችና። የሚፈቀደው ውጥረት የሚጠብቀን ከመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሁለተኛው አንዴ ከሆነ አይጎዳም። ታንኩ በየቀኑ የሚግልና የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን ሽቦ ወዲያና ወዲህ እንደማጠፍ ነው፤ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ለዚህ ራሱን የቻለ የድካም ስሌት አለ። በነዳጅ ማጣሪያዎች እንደ 410ኤስ ያሉ የክሮም ስቴንለስ ክላዶች የሚመረጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሲሞቁ የሚያድጉት ተራውን ብረት ተጠግተው ነው።

304ኤል ላይ ያለችው «ኤል» ፊደልም ሥራ አላት። ካርቦኑ ቢበዛ 0.03 በመቶ ነው ማለት ነው። ወፍራም ታንክ ከተበየደ በኋላ ውጥረቱ እንዲረግብ ወደ 600 ዲግሪ ይሞቃል። ካርቦን የበዛበት ስቴንለስ በዚያ ሙቀት ክሮሙ በካርቦኑ ይያዝና ዝገት የመከላከል አቅሙን ያጣል። ለተራው ብረት መድኃኒት የሆነው ለክላዱ መርዝ ይሆናል። ኤሏ ከዚያ ታድነዋለች።

ክላዱ የሚበላ ከሆነስ? በ20 ዓመት አንድ ሚሊ ይሄዳል ተብሎ ከታሰበ፣ ያ አንድ ሚሊ ለሸክም አይቆጠርም። የምንቆጥረው በታንኩ ዕድሜ መጨረሻ የሚቀረውን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ወረቀት አወጣን። የብየዳው ራጅ በሙሉ ተነስቶ አልፏል፤ ሰነዱ አለ። ውስጡ 2 ሜትር ሰፊ የሆነ ታንክ በ20 ባር፣ ማለትም በ2 ሜጋፓስካል፣ ስንት ሚሊ ይፈልጋል? ግፊቱ በውስጥ ራዲየሱ ይባዛል፤ 2 ጊዜ 1000። ከሚፈቀደው ውጥረት ላይ የግፊቱ 0.6 ይቀነሳል፤ 138 ሲቀነስ 1.2። ፊተኛው ለኋለኛው ሲካፈል 14.6 ሚሊ ይመጣል። እኛ ያለን፣ ክላዱ ከተቆጠረ፣ 14.5 ነው። ለጥቂት ጎደለ። ወደ ግፊት ስንመልሰው 19.8 ባር ይሆናል። የልጁ ፊት በራ። «19.8 ካሉኝ እሺ ይሉኛል» አለ።

ሰነዶቹን አንድ በአንድ ገለጥን። የተራው ብረት ወረቀት ሙሉ ነው። ስለ ክላዱ ግን ሥዕሉ ላይ «3 ሚሊ 304ኤል» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም የለም። ኤስኤ-264 የሚል የለም። የመላጥ ፈተና ውጤት የለም። በስፌቱ ላይ ክላዱ በምን እንደተመለሰ የሚገልጽ የብየዳ ሰነድም የለም።

ልጁ ቁራጯን አንስቶ ጠርዟን በጣቱ ዳሰሰ። «ጋሼ፣ ግን እኮ ተጣብቋል፤ እያዩት» አለኝ። አዎ፣ ተጣብቋል። እዚህች ቁራጭ ላይ። የቀረው ታንክ ላይ ማን አየው?

ስሌቱን በ12 ሚሊ ብቻ እንደገና ሠራው። 138 ጊዜ 12፣ ሲካፈል ለ1007.2። 1.64 ሜጋፓስካል፤ 16.4 ባር። ቁጥሩን ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ከዚያ የታንኩን የመጀመሪያ ሠሪ አድራሻ ከሥዕሉ ጥግ ላይ መገልበጥ ጀመረ። የመላጥ ፈተናውን ወረቀት ሊጠይቃቸው ነው።